ስታድግ ምን ትሆናለህ?

«ጋሼ፣ ምረጥ እንጂ! ተጀምሯል እኮ!»

በዚህ ዕድሜዬ የሚያናድደኝ ነገር እየቀነሰ መጥቷል። የታክሲ ሰልፍ ለምጄዋለሁ። መብራት ሲሄድም «ሄደች» ብዬ ሻማ ፍለጋ እነሳለሁ እንጂ አልራገምም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዳቦ እየገመጠ ከጀርባዬ ቆሞ «ቶሎ ምረጥ» ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል።

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «ማሙሽ» ይለዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን ቁጥርና ሰረዝ የተሰካካበት፣ ምላስ የሚያስር ሌላ ስም አለው። እናቱ ሥራ ስለምትውል ክረምቱን የሚያሳልፈው አያቱ ቤት ነው። የአያቱ ቤት ማለት የእናቴ ቤት ማለት ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ «ለጊዜው» እዚያው ነኝ።

ይህ ልጅ ነው ዘንድሮ ቲም ፎርትረስ 2 የሚባል የተኩስ ጌም ሊያስተምረኝ የተነሳው። ፍቅር ይዞት እንዳይመስላችሁ። ጓደኞቹ ለክረምት በየዘመድ ቤቱ ተበትነውበት ነው። ያለን ኮምፒውተር አንድ ስለሆነ ተራ በተራ እንጫወታለን፤ የኔ ተራ ሲደርስ እሱ ከጀርባዬ ቆሞ አሠልጣኝ ይሆናል። እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ ይጮኻል።

ጌሙ ከአሠልጣኜ በዕድሜ ይበልጣል። የወጣው በፈረንጆቹ ጥቅምት 10 ቀን 2007 ነው፤ እኛ ሚሌኒየሙን አክብረን ገና መስከረም ሳያልቅ ማለት ነው። ሥሩ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። በ1996 ጥቂት የአውስትራሊያ ወጣቶች ኩዌክ የተባለውን ጌም ፈታትተው በቡድን የሚጫወቱት ሌላ ጌም አበጁበት። ቆይቶ ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐሳቡንም ልጆቹንም ወሰዳቸው። ከ2011 ጀምሮ በነጻ ነው። እኛ ቤት የገባበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ እኛ ቤት በነጻ የማይገባ ነገር ጋዝ ብቻ ነው።

የኔ ችግር የሚጀምረው ከተኩሱ በፊት ነው። ጌሙ መጀመሪያ ከቀዩ ቡድን ነህ ወይስ ከሰማያዊው ይልሃል። ይህ ቀላል ነው። ቀጥሎ ግን ዘጠኝ ሰዎች ይደረደሩልሃል፤ ሯጩ ስካውት፣ ሮኬት ተሸካሚው ሶልጀር፣ እሳት የሚረጨው ፓይሮ፣ ቦምብ የሚያዘንበው አንድ ዓይናው ዴሞማን፣ እንደ ቁምሳጥን የተገነባው ሩሲያዊ ሄቪ፣ መትረየስ የሚተክለው ኢንጅነር፣ ሐኪሙ ሜዲክ፣ ከሩቅ የሚያነጣጥረው ስናይፐር፣ ጩቤ የሸሸገው ስፓይ። ከነዚህ አንዱን ሁን ትባላለህ።

ጓደኞችህ ምን ምን እንደሆኑም እዚያው ይታያል። የመጀመሪያው ቀን የኛ ቡድን ይህን ይመስል ነበር፦ ስናይፐር አምስት፣ ስፓይ ሦስት፣ ስካውት ሁለት፣ ሶልጀር አንድ። አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሜዲክ የለም።

ያቺን ባዶ ቦታ ሳይ ሁለተኛ ክፍል ትዝ አለኝ።

ስድሳ ሁለት ነበርን። መምህራችን በየተራ እያስነሱ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ይላሉ። «ዶክተር!» ይላል አንዱ። «ዶክተር!» ይላል ቀጣዩ። «ፓይለት!» ይላል ሦስተኛው፣ አውሮፕላን በሰማይ እንጂ በምድር ቆሞ አይቶ የማያውቀው። በግድግዳው በኩል ያለው ረድፍ ተጠይቆ ሲያልቅ አገራችን ከአንድ ክፍል ብቻ አሥራ ዘጠኝ ዶክተርና አሥር ፓይለት አግኝታ ነበር። አንድ ልጅ ግን ተነስቶ «ሾፌር» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህሩም ሳቁ። ዛሬ ሁለት አይሱዙ አለው። ባገኘኝ ቁጥር ማኪያቶ ይጋብዘኛል፤ ከፍሎም ምንም አይናገርም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

እኔ «ዶክተር» ካሉት ነኝ። እናቴ ከመምህሩ ሰምታ ለጎረቤቱ በሙሉ አዳረሰችው። ጉንፋን የያዘው ሁሉ «እስቲ ዶክተር፣ ግንባሬን ንካኝ» እያለ ሲቀልድብኝ ነው ያደግሁት። ከዚያ ማትሪክ መጣ፤ ማትሪክ የራሱ ሐሳብ ነበረው። የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ።

እና አሁን ምን አያለሁ? በልጅነታችን የተጋፋንበት ወንበር እዚህ ባዶውን ቆሟል! ሜዲክ ልሁን የሚል ጠፍቶ አሥራ አንድ ሰው ያለ ሐኪም ጦር ሜዳ ይወርዳል።

«ሜዲክ ሁን ጋሼ፣ ለጀማሪ አሪፍ ነው» አለኝ ማሙሽ።

«ስናይፐር» አልኩት።

ስድስተኛው።

ጥፋቱ የአያቴ ነው። አያቴ አልቤን ነበራቸው ይባላል። «ነበራቸው» የምለው እኔ ስደርስ ጠመንጃው ስላልነበረ ነው፤ ጠመንጃው ከሄደ በኋላ ግን ወሬው ከዓመት ዓመት እየተጣራ ሄደ። አንድ ጥይት፣ አንድ ሰው። አንድም ጥይት መሬት አልወደቀም። እኔም የኚህ ሰው ደም ይዤ መርፌ ልወጋ?

ስናይፐር በወሬ ያምራል። ጭንቅላት ላይ ካገኘህ በአንዲት ጥይት 150 ነጥብ ጉዳት ታደርሳለህ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ሙሉ ነፍሳቸው ከዚያ አይበልጥም። ቁልፉ ያለው «ካገኘህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የምተኩሰው አዲስ አበባ ተቀምጬ ነው፤ ጌሙን የሚያስተናግደው ሰርቨር ያለው አውሮፓ ነው። ጥይቴ ሜዲትራንያንን ተሻግራ እስክትደርስ ሰውየው ቦታውን ለቆ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ተመልሶ እኔን ይገድለኛል። ግድግዳውን ግን በሚገባ አቆሰልኩት።

የነበርንበት ሜዳ ቱፎርት ይባላል። ሁለት ምሽጎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ በመሀላቸው ውኃ አለ፣ በውኃው ላይ ክዳን ያለው ድልድይ። ሥራችን እነሱ ምድር ቤት ገብቶ የምስጢር ቦርሳቸውን ሰርቆ መምጣት ነው። ሥራው ይህ ሆኖ ሳለ ስድስታችን ሰገነት ላይ ቆመን፣ ከወዲያ ማዶ ሰገነት የቆሙትን ስድስት ስናይፐሮች እናያለን። እነሱም ያዩናል። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቅ በረንዳ ላይ ቡና ይዞ መንገደኛ የሚያይ ሰው ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ቦርሳው ምድር ቤት አቧራ ጠጣ።

ስትሞት ደግሞ ጌሙ ዝም ብሎ አይተውህም። የገዳይህን ፎቶ አንስቶ፣ አጉልቶ፣ ፊትህ ያስቀምጥልሃል። ስንት ነፍስ እንደቀረውም ይጽፍልሃል። አንዳንዴ ደግሞ «ቢሆንም» የምትል መንፈስ ያላት ማጽናኛ ያክልበታል፤ በዚህ ዙር ከዚህ በፊት ካደረግኸው የተሻለ ጉዳት አድርሰሃል ይልሃል። ከስድሳ ሁለት ስድሳኛ ለወጣ ልጅ «ጸባዩ መልካም ነው» ብለው ካርድ ላይ እንደሚጽፉለት መሆኑ ነው።

ስናይፐርነቱ እንዳልሆነ ሲገባኝ ስፓይ ልሁን አልኩ። ማሙሽ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

የስፓይ ሥራ የጠላትን መልክ ለብሶ፣ መሀላቸው ገብቶ፣ ከጀርባ መውጋት ነው። በጩቤ ከጀርባ ከተወጋ ግዙፉ ሄቪም፣ 300 ነፍስ ያለው፣ በአንዴ ይወድቃል። የለበስኩት መልክ እንከን አልነበረውም፤ የከዳኝ አካሄዴ ነው። የነሱን ሯጭ መስዬ በአዛውንት እርምጃ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከክሁ ስሄድ አንድ ፓይሮ ቆሞ አየኝ። ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ እሳት ለቀቀብኝ። በዚህ ጌም የራስ ወገን እሳት አያቃጥልም፤ እኔ ስለተቃጠልኩ ጠላት መሆኔ ታወቀ። እንዲህ ያለ ፍተሻ ጥሩ ነው አይባልም፣ ፈጣን ነው ግን።

አንድ ወዳጄ በተማሪነታችን ያልተጠራበት ድግስ የመግባት ተሰጥኦ ነበረው። ምስጢሩን ሲነግረኝ «ድንኳን ውስጥ አትገላመጥ፤ ገብተህ ወዲያው ወንበር አቀብል» ይላል። ዓመታት ሠርቶለታል። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት ጠርጥረው «የኔ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ?» ሲሉት ኮራ ብሎ «የሙሽራው» አላቸው። ድግሱ የምርቃት ነበር። ማሙሽም የሚለኝ ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ እንደነሱ ሂድ እንጂ! ወደ ኋላህ አትይ!» ወደ ኋላ ማየት ግን የኔ ትውልድ ጠባይ ነው፤ በአንድ ክረምት አይለቅም።

ሶልጀርም ሞከርኩ። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ለጀማሪ የተመቸ ነው። ሮኬቱ ሰውየውን ራሱን ባያገኘው እንኳ አጠገቡ ሲፈነዳ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ «እግሩ ሥር ተኩስ» ይላል አሠልጣኜ። እግር ሥር መተኮስ አላቃተኝም። ጣጣው የመጣው ማሙሽ ሮኬቱን ወደ ራስ እግር ተኩሶ በፍንዳታው ጣሪያ ላይ መዝለል እንደሚቻል ያሳየኝ ዕለት ነው። ዝላዩ ነጻ አይደለም፤ ከገዛ ነፍስህ ይቀነሳል፤ ነፍስህ ጥቂት ከሆነች ዝላዩ ራሱ ይገድልሃል። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ያሉት አባቶች ይህን ጌም ሳያዩት አልቀሩም። እኔ ጠግቤ ዘለልኩ፤ ተሰብሬም ወረድኩ፤ ከዚያ የጠላት ስካውት መጣና ጨረሰኝ።

ለምን ግን ሁሉም ተኳሽ መሆን ይፈልጋል? ማሙሽን ጠየቅሁት። «አሪፍ ነዋ» አለኝ። ከዚህ የጠለቀ ትንታኔ እስካሁን አላገኘሁም።

በእርግጥ ነገሩ ለኔ አዲስ አይደለም። ሰፈራችን የካልሲ ኳስ ስንጫወት ሁሉም አጥቂ ነበር። የኳሱ ባለቤት አጥቂ ነው፤ ይህ ሕገ መንግሥት ነው። የባለቤቱ የቅርብ ጓደኛ አጥቂ ነው። ትልልቆቹ አጥቂ ናቸው። በረኛ የሚሆነው ከእናቱ ተልኮ ዘግይቶ የደረሰው ልጅ ነው፤ እሱም እስኪገባበት ነው፤ ሲገባበት ሌላ ይተካል። ከገባ በኋላ አሥሩም አጥቂ ወደ በረኛው ዞሮ እጁን ያወናጭፋል። እኔ ሁልጊዜ የምላክ ልጅ ነበርኩ።

ይህ የሰው ጠባይ ኩባንያዎችንም አስቸግሯቸዋል። በፈረንጆቹ 2016 ግንቦት ውስጥ የወጣ ኦቨርዋች የሚባል ሌላ ጌም አለ። ስድስት ለስድስት ሆነው ሦስት ዓይነት ሥራ ይከፋፈሉ ነበር፤ ፊት ቆሞ የሚመታ ጋሻ፣ ተኳሽ፣ ከኋላ ሆኖ የሚያክም ደጋፊ። ሰዎችን በምርጫቸው ቢተዋቸው ሁሉም ተኳሽ እየሆነ አስቸገረ። ጋሻም ሐኪምም በሌለበት ስድስት ተኳሽ ተሰልፎ ይረግፍ ነበር፤ ረግፎም ይሰዳደባል። በመጨረሻ በ2019 ሕግ ወጣ፤ ሁለት ጋሻ፣ ሁለት ተኳሽ፣ ሁለት ደጋፊ፣ ምዝገባውም በየሥራው። ደጋፊ ልሁን ያለ ቶሎ ይገባ ነበር። ተኳሽ ልሁን ያለ ሰልፉ ላይ ሻይ ያፈላ ነበር።

ይህማ የኛው ምደባ ነው! ከመቶ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ በተባለበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ሰው ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። ጋዜጠኛ ልሁን ያለው የጎረቤታችን ልጅ የአፈር ሳይንስ ደርሶት ስድስት ወር ከአባቱ ጋር አልተነጋገሩም፤ አባትየው ምን እንዳጠፉ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቲም ፎርትረስ ግን እንዲህ ያለ ምደባ የለበትም። አሥራ ሁለታችሁም ስናይፐር ሁኑ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ጌሙ ዝም ብሎ ያያችኋል።

ቀጥሎ የተጠጋሁት ኢንጅነር ነው፤ እዚህ ላይ ለጥቂት ቀናት እውነተኛ ደስታ አግኝቻለሁ። ኢንጅነር አይሮጥም፣ አያነጣጥርም። ብረት ይሰበስባል፣ ጥግ ይፈልጋል፣ ይገነባል። 200 ብረት መያዝ ይችላል፤ በ130ው መትረየስ ይተክላል፣ መትረየሱም ራሱ አይቶ ራሱ ይተኩሳል። በመፍቻ እየቀጠቀጥክ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ታሳድገዋለህ። አጠገቡ ጥይትና ፈውስ የሚያድል ማሽን፣ ሰው ከሰፈር ጦር ሜዳ የሚያደርስ ማጓጓዣ። የአዲስ አበባ ሰው በተፈጥሮው ኢንጅነር ነው፤ ጥግ አግኝቶ አጥር ካላጠረ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔም በልጅነቴ ያልሠራሁትን ቤት እዚያ ሠራሁ። ማሙሽ «ጋሼ፣ ውጊያው እኮ ወደፊት ሄዷል፤ ነቅለህ ውሰደው» ይለኛል። ገና ያለቀ ቤት ይነቀላል እንዴ?

አንድ ቀን የራሳችን ሶልጀር መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዝም ብሎ ያየኛል። እኔም ሰላምታ ይሆናል ብዬ ብድግ ቁጭ አልኩለት፤ ጌም ውስጥ ሰላምታ እንዲያ ነው። እሱም ብድግ ቁጭ አለ። ደስ አለኝ፤ ፊቴን ወደ መትረየሴ መለስኩ። ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የገዳዬ ፎቶ መጣ። ስፓይ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ከዚያ ወዲያ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብኝ። አጠገቤ የደረሰውን የወገን ሰው ሁሉ በመፍቻ መጠብጠብ ጀመርኩ። አንዱ በማይክሮፎን ምን እንዳለኝ ማሙሽ አልተረጎመልኝም፤ «ሰላም እያለህ ነው» ብሎ ድምፁን ቀነሰው።

ከዘጠኙ ማንን መሆን እንደሌለብኝ የተረዳሁት ግን ጋሪ ስንገፋ ነው። ባድዋተር የሚባል ሜዳ አለ፤ እዚያ ሰማያዊው ቡድን ቦምብ የጫነ ጋሪ በሐዲድ ላይ እየገፋ ወደ ቀዩ ሰፈር ያደርሳል። መግፋት ማለት አጠገቡ መቆም ነው። አንድ ሰው ከቆመ ጋሪው ያዘግማል፣ ሁለት ሲሆኑ ይፈጥናል፣ ሦስት ሲሆኑ ይብስ ይፈጥናል፤ ከሦስት በላይ ቢጨመር ለውጥ የለውም። ስካውት ብቻውን እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል።

የቆመ ሚኒባስ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ «ወንዶች ውረዱ!» ይላል። አሥራ ሁለት ሰው ይወርዳል። ሦስቱ ይገፋሉ። አራቱ እጃቸውን መኪናው ላይ ያሳርፋሉ። ሁለቱ ከጎን ሆነው «ሁለተኛ ማርሽ አግባ!» ይላሉ። አንዱ ስልክ ያነሳል፣ አንዱ ሌላ ታክሲ አይቶ ይሮጣል። አንድ ሰውዬ ደግሞ አለ፣ ከሩቅ ቆሞ ነገሩን በጥሞና የሚመለከት። ስናይፐሩ እሱ ነው። ያን ሰውዬ ዕድሜ ልኬን ስጠላው ኖሬ፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ እሱን መረጥኩት።

ጋሪው ብቻውን ቆሞ ስድስት ስናይፐር ከኮረብታ ሲያየው ማሙሽ ዳቦውን አስቀመጠ። «ጋሼ» አለኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «እባክህ ሜዲክ ሁን።»

ሆንኩ።

ሜዲክ መሆን እንዲህ ነው። በእጅህ ጠመንጃ የሚመስል ቱቦ አለ፤ ጫፉን ወደ ወገንህ ታዞርና ትጫናለህ፣ ጨረር ይወጣል፣ ሰውየው ላይ ይጣበቃል። ማነጣጠር የለም። አንዴ ከያዘ ሰውየው ወዲያና ወዲህ ቢል ጨረሩ ይከተለዋል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከአውሮፓ ሰርቨር ጋር ያለኝ የሰከንድ ሽራፊ ጠብም እዚህ ብዙ አይጎዳም። በሰከንድ 24 ነፍስ ትሰጣለህ፤ ሙሉ የሆነውን ሰው ደግሞ አሳብጠህ ሄቪን ከ300 እስከ 450 ታደርሰዋለህ። ሄቪ 450 ሲሆን ልክ እንደ ገና በሬ ነው፤ ከፊቱ ዞር በሉ።

ከባዱ ነገር መምረጥ ነው። ምርጫ አልቀረልኝም እንዴ? ገና መጀመሩ ነው። በጌሙ ኪቦርዱ ላይ ኢ የምትባለዋን ፊደል የተጫነ ሁሉ በራሱ ቋንቋ ቅላጼ «ሜዲክ!» ብሎ ይጮኻል። ሩሲያዊው ይጮኻል፣ ስኮትላንዳዊው ዴሞማን ይጮኻል፣ የቦስተኑ ስካውት እየሮጠ ይጮኻል፤ ሮጦ ሮጦ እንዴት እንደምይዘው ሳይነግረኝ። እንደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ካርድ ያወጣ የለም፣ ሁሉም «እኔ ለአንድ ደቂቃ ነው» ባይ ነው። እኔም የጤና ጣቢያ ጠባይ አወጣሁ። «ጠብቅ!» እላለሁ ለስክሪኑ፣ በአማርኛ።

ደግሞ የሞተ ሁሉ በሜዲክ ያሳብባል። አንዱ ሶልጀር ብቻውን አምስት ሰው መሀል ዘሎ ገብቶ ሞተ። ሰምተን የማናውቀውን ያህል ሜዲክን ረገመ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነበርኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ድሮ በሁለት ድንጋይ መሀል ቆሜ አሥር አጥቂ እጁን ሲያወናጭፍብኝ ያየሁትን አሥር ፊት አወቅሁት።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ኡበር የሚሉት። ታክሲው አይደለም። ስታክም ስታክም መለኪያዋ እየሞላች ሄዳ መቶ ትደርሳለች፤ ቁስለኛ ካከምክ አርባ ሰከንድ ይበቃታል። ስትሞላ አንዴ ትጫናለህ፤ አንተና የምታክመው ሰው ለስምንት ሰከንድ ጥይት አይነካችሁም። ስምንት ሰከንድ! መትረየስ ብትሉ ሮኬት ብትሉ፣ እንደ ዝናብ ከቆርቆሮ ላይ ይንሸራተታል።

የመጀመሪያ ቀን ሞላችልኝ። ልጠቀምባት እልና እሳሳለሁ። ይህ ሄቪ አይገባውም። ይህ በር ለሷ አይመጥንም። ሌላ የባሰ ቀን ይመጣል። ማሙሽ «አሁን! አሁን ጋሼ!» ይላል፤ እኔ «ቆይ» እላለሁ። ስናይፐር ገደለኝ፤ መለኪያዋ መቶ ላይ እንዳለች። ሁለተኛም እንደዚያው። ሦስተኛም።

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ቡፌ አለ። በመስተዋቱ ውስጥ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ አሥራ ሁለት ብርጭቆ አለ፤ እናቴ ስታገባ የተሰጧት ናቸው። ለእንግዳ ነው የተቀመጡት። ስንት እንግዳ መጣ፣ ስንት ሰርግ፣ ስንት ሽማግሌ! «ለዚህ አይሆንም» ይባላል፤ ተራ ብርጭቆ ይወጣል። በየፋሲካው ወርደው ታጥበው ተመልሰው ይገባሉ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞት የቡፌውን በር በእጄ ይዤ የቆምኩ መሰለኝ።

አራተኛው ላይ ተጫንኩት። ባድዋተር ነው፣ መጨረሻው መታጠፊያ። ሰማያዊ ነን። ጋሪው ቆሟል፤ ከፊታችን ሁለት መትረየስ ተተክሏል፤ ስናይፐሮቻችን እንደ ልማዳቸው ኮረብታ ላይ ናቸው። አንድ ሄቪ ብቻ ከጋሪው ጋር ቀርቷል፣ እኔ ከኋላው። ስሙን አላውቀውም፤ የት አገር እንዳለም አላውቅም። ዞሮ አየኝ። ብድግ ቁጭ አለ። ከዚያ ኢን ተጫነ፤ «ሜዲክ!» አለ። ከኋላ ደግሞ ያዩን ሁሉ መሮጥ ጀመሩ፤ እነሱም ይጮኻሉ፤ ሜዲክ! ሜዲክ! ሜዲክ! የማሙሽ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ብትሆንም ሳሎኑን ሞላችው።

እናቴ በሳሎኑ መሀል ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አቆመችው።

«ምንድነው እነዚህ የሚያስጮኻቸው?»

«ጋሼን ነው እማማ» አለ ማሙሽ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ዶክተር፣ ዶክተር እያሉት ነው።»

ሰፌዱ መሬት ተቀመጠ። ነጠላዋን ስትሰበስብ ሰማኋት፤ መጥታ ከወንበሬ ጀርባ ቆመች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ታዲያ ተቀምጦ ምን ያያል?» አለችው ልጁን። «አይሄድላቸውም?»